ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚለበስ ጠባብ ልብስ ቆዳ ሲያሳክክና ሲልጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሆድ ኦፕራሲዮን ከተሠራሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የእምብርት ሄርኒያ ነበረብኝ፤ በእምብርት በኩል ወደ ውጭ የሚወጣ እብጠት ነው። ሐኪሙ ሲጨርስ ከጎድን አጥንቴ ሥር እስከ ዳሌዬ የሚይዝ ወፍራም ቀበቶ አስታጠቀኝና "ስድስት ሳምንት" አለኝ። ስለ ቁስሉ ነገረኝ፣ ስለ ክኒኑ ነገረኝ፣ ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ ነገረኝ። ስለ ቆዳዬ ግን ማንም ምንም አላለኝም።

በአራተኛው ቀን ያሳክከኝ ጀመር። አክስቴ "ቻይው፣ እየዳነ ነው" አለችኝ። ቻልኩት። በዘጠነኛው ቀን ቁስሌን ልታጥብልኝ የመጣችው ሲስተር የቀበቶውን ጠርዝ ገለጠችና ዝም አለች። ጨርቁ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ሆኗል፤ ጎኔ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። ሲነሳ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ቦይ ትቶ ነበር። ቦዩ ውስጥ ያለው ቆዳ ጠቁሯል፣ በአንድ በኩል ውሃ ቋጥሯል። የሚገርመው ብዙም አላመመኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ የጓደኛ ጓደኛ ይጠይቀኛል። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ጡቷን የተሠራች፣ ቱርክ ሄዳ ሊፖ ያደረገች (ስብ ያስመጠጠች)፣ የእግር ደም ሥሩን ያስወጣ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። መልሱን እኔም ሐኪሞችንና ነርሶችን እየጠየቅኩ ያገኘሁት ነው። የእናንተ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር ካላችሁ እሱን ስሙ፤ ቁስላችሁን ያየው እሱ ነው።

ልብሱ ለምን ያስፈልጋል? ካስቸገረኝ አውልቄ ብተወውስ?

ሰውነት ሲቀደድ ውሃ ያመነጫል። ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ስለተላቀቀ በመሃል ክፍተት ይኖራል፤ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል። አንዳንዴ በመርፌ እስኪቀዳ ድረስ። ልብሱ ሁለቱን አጣብቆ ይይዝና ክፍተቱ እንዲጠብ ያግዛል። እብጠት ይቀንሳል። ስታስሉና ከአልጋ ስትነሱ ሆዳችሁን ይደግፋል። የእግር ስቶኪንግ ሥራው ሌላ ነው፤ ደም እግር ውስጥ እንዳይተኛ ወደ ላይ ይገፋል። ቃጠሎ ደርሶባቸው ቆዳ የተተከለላቸው ሰዎች ደግሞ ጠባሳው እንዳይነሳ በቀን እስከ 23 ሰዓት፣ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይለብሱታል።

ስለዚህ በራሳችሁ ውሳኔ አውልቃችሁ አትጣሉት። ግን ደግሞ እንደ እኔ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ አትቀመጡ። ካስቸገራችሁ አውልቁ፣ ቆዳውን እዩ፣ ትንሽ አየር ያግኝ፣ ለሐኪማችሁ ደውሉ። ግማሽ ሰዓት ማውለቅና ጨርሶ መተው የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እናቴ ወልዳ በመቀነት ታስራ ምንም አልሆነችም። የኔ ለምን እንዲህ ሆነ?

ይህን ብዙ ሰው ይለኛል። ሆድን ማሰር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፣ እውነት ነው። ግን መቀነት ጥጥ ነው። አየር ያስገባል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ሲጠብቅ ይላላል። የሕክምናው ልብስ ግን ናይለንና ላስቲክ ነው። ቀን ከሌት በአንድ ዓይነት ኃይል ይጫናል። ላቡ መውጫ ያጣል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ደግሞ ገና የተቆረጠ፣ በአዮዲን የተጠረገ፣ ፕላስተር ተለጥፎበት የተላቀቀ ቆዳ ነው። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

በነገራችን ላይ ልብሱ ላላ ብላችሁ ከላይ መቀነት አትደርቡበት። ጫናው አንድ መስመር ላይ ይሰበሰባል፤ ጉዳቱ እዚያ ይጀምራል።

"ትንሽ ማሳከክ ያለ ነው" ይሉኛል። የቱ ነው ያለ፣ የቱ ነው የሌለ?

ስታወልቁት የስፌቱ ምልክት ቆዳችሁ ላይ ታትሞ ብታዩ አትደንግጡ። ካልሲም ያንን ያደርጋል። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ችግር የለውም። ጠባሳው ሲድን ማሳከኩም ያለ ነው። ቆዳ ሲደርቅም ያሳክካል፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የአዲስ አበባ ደረቅ ብርድ።

ግማሽ ሰዓት አልፎም ያልጠፋ ምልክት ግን ያለ ነገር አይደለም። ውሃ የቋጠረ፣ የተላጠ፣ የሚያቃጥል፣ ሽታ ያለው፣ ከትናንት ዛሬ የሰፋ ነገርም እንዲሁ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ማሳከክም "ያለ ነው" ተብሎ አይታለፍም።

ወረቀቱ "ቆዳዎ ከቀላ ይደውሉ" ይላል። እኔ ጠይም ነኝ፣ ቆዳዬ አይቀላም። ምን ልይ?

ይህን የጠየቀችኝን ልጅ አቅፌ ብስማት ደስ ይለኝ ነበር። እኔም የተሸወድኩት በዚህ ነው። በየቀኑ "ቀልቷል?" እያልኩ አያለሁ፤ አልቀላም፤ ደህና ነኝ ብዬ እለብሳለሁ።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደ ወረቀቱ ሥዕል አይታይም። የተጎዳው ቦታ ከአካባቢው ጠቆር ይላል። ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ሊያደላ ይችላል። አንዳንዴ ቀለሙ ምንም ሳይለወጥ ቆዳው ብቻ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል። የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀቱን ለኩ። ከዚያ በጣታችሁ ጫፍ ዳብሱት። ከአካባቢው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ደንደን ብሏል ወይስ እንደ በሰለ ሙዝ ላልቷል? ከዚያ የሌላኛውን ጎን ተመሳሳይ ቦታ ዳብሱና አወዳድሩ። የግራና የቀኝ ልዩነት ብዙ ነገር ይናገራል።

ይህን የምታደርጉት ቀን ነው፣ መስኮት አጠገብ። የማታ አምፖል ያታልላል። ጀርባችሁን በመስታወት እዩ ወይ ሰው ያሳያችሁ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ ቦታ ቆማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። እኔ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አደርገው ነበር። ለሐኪሙ ሳሳየው "ይሄማ ቀንሷል" ያለው ፎቶዎቹን አይቶ ነው፤ በቃሌ ብነግረው ማንም አይገባውም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በኦፕራሲዮን ጊዜ የቆዳ ነርቮች ይቆረጣሉ። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። የደነዘዘ ቆዳ ሲጎዳ አይጮህም። የእኔ ቦይ ያላመመኝ ለዚህ ነው። "አላመመኝም" ማለት "አልተጎዳሁም" ማለት አይደለም። ስኳር ያለባችሁ እግራችሁን በተለይ እንዲህ ተመልከቱ። በዚያ ደንዛዛ ቦታ ላይ የሙቅ ውሃ ኮዳም አታስጠጉ፤ ሲያቃጥላችሁ አታውቁትም።

ሽፍታው ከምን እንደመጣ በምን አውቃለሁ?

ቦታውን እዩ። ሲስተር ያስተማረችኝ ይህንን ነው፤ "መጀመሪያ የት እንደሆነ አሳዪኝ" ትላለች።

መስመር ሠርቶ ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ማለትም ከጎድን ሥር፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ጨርቁ ተጠቅልሏል ወይም መጠኑ ልክ አይደለም። ይህ የጫና ጉዳት ስለሆነ ቅባት አይፈታውም። ልብሱ መስተካከል አለበት።

ቆዳ ከቆዳ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ውስጥ ከሆነ፣ ከጡት ሥር ወይም ከሆድ እጥፋት ሥር፣ እርጥብ ሆኖ የሚያቃጥል፣ ነጣ ያለና ዙሪያው ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ የበተነ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ላብና ሙቀት ሲገናኙ ይወዳል። አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙዎቻችን ወስደናል። ፋርማሲ ውስጥ ክሎትሪማዞል ክሬም ይሰጣሉ፤ ሲቀል ወዲያው አይቆምም፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይቀባል። ቦታው ከቁስሉ ጋር ከተጠጋ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ልብሱ ያረፈበት ሁሉ ላይ ትንንሽ እንደ መርፌ የሚወጋ ፍንጥርጥር ከወጣ የላብ ሽፍታ ነው። አየርና ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይበቃዋል። እያንዳንዷ ፍንጥር መሃል ፀጉር ካለና ጫፏ መግል ከያዘ የፀጉር ሥር ተቆጥቷል። ያን ቦታ አትላጩ።

የመጨረሻው አለርጂ ነው። እሱ ቅርጽ ይሠራል። የስቶኪንጉ የላይኛው የሲሊኮን ቀለበት ባረፈበት ልክ ክብ፣ የመንጠቆው ብረት በነካበት ልክ ነጠብጣብ፣ ፕላስተሩ በነበረበት ልክ አራት ማዕዘን። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወጣም፤ ከነካው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ "ትናንት ለብሼው ምንም አልሆንኩም" ማለት አያዋጣም። መነሻው የጎማ ኬሚካል፣ የብረቱ ኒኬል፣ የጥቁር ወይም የሰማያዊ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ የፕላስተር ሙጫ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ቅባቱ ራሱም ሊሆን ይችላል፤ ኒዮማይሲን በዚህ የታወቀ ነው። ምርጫ ካላችሁ ነጭ ወይም የቆዳ ቀለም ያለውን፣ "ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) የለውም" የሚል የተጻፈበትን ግዙ።

መጠኑ ልክ መሆኑን በምን ልወቅ?

የእኔ ችግር ግማሹ እዚህ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቀበቶውን ልገዛ መድኃኒት ቤት ስሄድ "ያለን ኤል ብቻ ነው፣ ይለጠጣል" አሉኝ። ልብስ ስለሆነ ይሆናል ብዬ ገዛሁት። ወገቤ ላይ ልክ ነበር፤ ቁመቱ ግን ከጎድኔ ይረዝማል። ስቀመጥ ይጠቀለላል። ቆሜ ስለካው አላስተዋልኩትም።

ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ለኩት። አጎንብሱ፣ ተነሱ፣ ረጅም ትንፋሽ ውሰዱ። ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ጠቧል። ጠርዙ ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። የእግር ከሆነ ጣቶቻችሁ መሞቅ አለባቸው፤ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ጥፍራችሁ ከጠቆረ አውልቁ። ለስቶኪንግ ልኬት የሚወሰደው ጠዋት ነው፣ እግር ገና ሳያብጥ።

እብጠት ሲቀንስ ልኩም ይለወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ልክ የነበረው በሦስተኛው ይሰፋል። የሰፋ ልብስ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ይሸበሸባል፣ ይፈትጋል። ጠባቡ ብቻ አይደለም የሚልጠው።

ከውጭ የሚላክላችሁ ካለ አንድ ማሳሰቢያ። ስቶኪንግ ላይ "ክላስ 2" የሚለው ቁጥር አገር ይለያያል። በጀርመን መለኪያ ከ23 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በእንግሊዝ መለኪያ ከ18 እስከ 24። ስለዚህ ለላኪው የክላሱን ቁጥር ሳይሆን ሐኪሙ ያዘዘውን የግፊት መጠን ንገሩት።

ከሥሩ ካናቴራ ብለብስ ይቻላል?

ሐኪማችሁ ከፈቀደ በጣም ይረዳል። ስስ፣ ጥጥ፣ ስፌቱ ጎን ላይ ያልጎረበጠ። ስትለብሱት አንድም መሸብሸብ እንዳይኖር ወደ ታች ጎትታችሁ አስተካክሉ። የተሸበሸበ ካናቴራ ከሌለው ይብሳል። ነጠላ መጠቅለል የሞከረች አውቃለሁ፤ ነጠላው ለስላሳ ነው፣ ግን ይታጠፋል፣ ጥለቱም ይፈትጋል።

ካናቴራ ካልተፈቀደ የልብሱን ስፌት ተመልከቱ። አንዳንዱ ተገልብጦ ሊለበስ ይችላል፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኖ። ግፊቱ አይለወጥም፣ ቆዳው ግን ያርፋል። ዚፕና መንጠቆ ካለው ከሥሩ የጨርቅ መሸፈኛ እንዳለው አረጋግጡ። የሚጣበቀው ቀበቶ ሻካራ ጎኑ ጠርዝ አልፎ ቆዳ እንዳይነካ አድርጋችሁ ዝጉት።

እጥፋት ውስጥ ንጹሕ ጎዝ ማስገባት ይቻላል፤ ሲረጥብ ይቀየራል። ሶፍት ግን አትጠቅጥቁ። በላብ ይበጣጠሳል፣ ይድቦለቦላል፣ እንደ አሸዋ ይፈትጋል።

ምን ልቀባበት? ቫዝሊን? ቅቤ? እሬት?

መጀመሪያ የማይቀባውን ልናገር። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ። "ቁስል ያደርቃል" ተብሎ ይቀባል፤ ግን ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ውሃ ያስቋጥራሉ። ከላይ ጠባብ ልብስ ሲጨመርበት ደግሞ ታሽጎ ይነዳል። ሎሚም እንዲሁ። ቅቤ ቁስል ላይ አይደረግም። ክር ያልወጣለት፣ ያልደረቀ ቁስል ላይ ምንም ነገር፣ እሬትም ማርም ቢሆን፣ ሐኪም ሳያውቅ አይቀባም።

ያልተላጠ፣ የደረቀ ቆዳ ላይ ግን ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ ጥሩ ነው። ጊዜው ላይ ነው ዋናው ነገር። ቀብታችሁ ወዲያው አትልበሱ። ከታጠባችሁ በኋላ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቆዩ፣ ቆዳው ሲጠጣው ልበሱ። ቫዝሊንና ዘይት ላቴክስ ላስቲክን ይበላሉ፤ ልብሱ ይላላል። በሲሊኮን የሚይዝ ስቶኪንግ ደግሞ ከሥሩ ቅባት ካለ ይንሸራተታል።

በላብ ለሚላጥ እጥፋት የሕፃናት የዚንክ ቅባት ስስ ሆኖ ቢደረግ ይከላከላል። ፓውደር አልወደውም። ከላብ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ይሆናል፣ እጥፋት ውስጥ ይደርቅና ይፈትጋል። ቁስል አጠገብ ደግሞ ጨርሶ አይነፋም።

የሚያሳክክ ሽፍታ ላይ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን (ቀለል ያለ የስቴሮይድ ክሬም) ለጥቂት ቀን ሊታዘዝላችሁ ይችላል። ካልተላጠ ቆዳ ውጪ አይቀባም። እዚህ ላይ አጥብቄ ልለምናችሁ። ጎረቤት "ይሄ ወዲያው ያጠፋዋል" ብላ የምትሰጣችሁን ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬም አትቀበሉ። ማሳከኩን ያጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ቆዳ ያሳሳል፣ ፈንገስ ከሆነ ያስፋፋል፣ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ከጠባብ ልብስ ሥር ሲሆን ደግሞ መድኃኒቱ በብዛት ወደ ውስጥ ይገባል።

ለማሳከኩ ብቻ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለአሥር ደቂቃ ያዙበት፤ በደነዘዘው ቦታ ላይ ግን አይሆንም። ማታ የሚወሰድ የአለርጂ ክኒን ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ጡት የምታጠቡ ከሆነ ንገሩት።

በቀን ስንት ጊዜ ማውለቅ እችላለሁ?

እንደ ኦፕራሲዮኑ ነው። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ከሌት አድርጉት፣ ለመታጠብ ብቻ አውልቁት ይላሉ። ሆስፒታል ተኝተው ፀረ ደም መርጋት ስቶኪንግ ለሚለብሱ ሰዎች የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በየቀኑ ወልቆ ቆዳው እንዲታጠብና እንዲታይ ይላል። መንቀሳቀስ ለማይችል ወይም ስሜት ለሌለው ሰው ደግሞ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ተረከዝና አጥንት የወጣበት ቦታ።

እኔ የምለው ሐኪሙን በቁጥር ጠይቁት። "በቀን ስንት ሰዓት? ሳወልቅ እስከ ስንት ደቂቃ? እስከ መቼ?" ወረቀት ላይ አስጽፉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታወልቁት ቁጭ ብላችሁ ይሁን፣ ሰውም አጠገባችሁ ይሁን። ግፊቱ በድንገት ሲለቅ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል።

እንዴት ነው የማጥበው? ውሃ በፈረቃ ነው፣ ክረምትም ገብቷል፣ አይደርቅም።

ከተቻለ ሁለት ይኑራችሁ። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንዱን ለብሳችሁ አንዱን ካላጠባችሁ የትናንቱን ላብ ነው መልሳችሁ የምትለብሱት።

ለብ ባለ ውሃ፣ በእጅ፣ ትንሽ ተራ ሳሙና ብቻ። ኦሞ ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልለቀቀ ዱቄቱ ስፌት ውስጥ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ይፈትጋል፣ ያሳክካል። ውሃ እጥረት ካለ ሳሙናውን ቀንሱ፣ ማለቅለቂያውን አትቀንሱ። ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ አለበት። በረኪና ላስቲኩን ያቃጥለዋል። ሽታ ያለው ማለስለሻም ይቅር።

አትጠምዝዙት። በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ እርገጡበት፤ ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ዘርጉት። በሐምሌ ይህ አንድ ቀን ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ከሰል ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ያጓጓል፣ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ላስቲኩ ተኮማትሮ አንድ ጎኑ ጠበበብኝ። እርጥብ ልብስ መልበስ ደግሞ ፈንገስን መጥራት ነው። ካልደረቀ ፀጉር ማድረቂያውን ቀዝቃዛ አየር ላይ አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ ንፉበት።

አራስ ነኝ፣ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አለ። ከወሊድ በኋላ ሆድ ተንጠልጥሎ ቁስሉን ይሸፍነዋል። እዚያ ውስጥ ይረጥባል። ቀን ሁለት ጊዜ ጋደም በሉ፣ እጥፋቱን ከፍ አድርጋችሁ አየር ስጡት፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት፤ አትሹት። ከዚያ ቀበቶው ይታሰር።

የአራስ ቤት ሙቀቱም ይታወቃል። በሩ ተዘግቶ፣ ጋቢ ተደርቦ፣ ትኩስ አጥሚት እየተጠጣ። ላቡ ሁሉ ቀበቶው ሥር ነው የሚጠራቀመው። ራስ ላይ የተደረገው ቅቤ ቀልጦ በጀርባ ሲወርድ ልብሱ ይጠጣዋል። የጡት ወተትም እንዲሁ። አራስ የምትጠይቁ እናቶችና አክስቶች፣ እባካችሁ መስኮቱን ትንሽ ክፈቱላት፣ ቀበቶዋንም እጠቡላት። ከገንፎው እኩል ያስፈልጋታል።

"ሆድሽ ቶሎ እንዲገባ ጠበቅ አድርጊው" የሚለውን አትስሙ። በጣም ሲጠብቅ ጫናው ወደ ታች ይሄዳል። ከታች የመክበድ ወይም የመውረድ ስሜት ካለ አላሉት፣ ለሐኪም ንገሩ።

የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተሠርቻለሁ፣ የክንድ እጅጌም ታዞልኛል። ማሳከኩ ያስፈራኛል።

ከብብት ዕጢ ከወጣ የዚያ ክንድ ፈሳሽ መመለሻው ይዳከማል። ስለዚህ ተራ ጭረት እንኳ ቶሎ ይመረቅዛል። ማሳከኩን በጥፍር አትንኩት፣ ጥፍራችሁን አሳጥሩ፣ ቆዳውን ማታ ማታ እጅጌው ሲወልቅ አለስልሱት። እጅጌው አንጓና ክርን ላይ እንዳይጠቀለል እዩ። ክንዱ በድንገት ከሞቀ፣ ካበጠና ትኩሳት ከመጣ ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው። ጨረር እየወሰዳችሁ ከሆነ ደግሞ ጨረር በሚያርፍበት ቆዳ ላይ ምንም ቅባትም ሆነ ፕላስተር ሳትጠይቁ አታድርጉ።

የምኖረው ሙቀት አገር ነው። ድሬዳዋም፣ ዱባይም እንዲህ ነው?

ላቡ ይብሳል፣ ሌላው አንድ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ልብሱን በየቀኑ ቀይሩ፣ ከተቻለ ማራገቢያ ያለበት ክፍል ተኙ። በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች ያለ ዕረፍት በዚህ ልብስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደምትቆሙ አውቃለሁ። ሐኪሙ የዕረፍት ወረቀት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ ከክፍሉ ስትወጡ ሳይሆን ገና እሱ ፊት ቁጭ ብላችሁ ሳለ።

ጸበል መግባት እችላለሁ?

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ገላን መንከርም ሆነ ልብሱን አርጥቦ መቀመጥ ይጎዳል። መጠጣትና ፊትን መታጠብ ቁስሉን አይነካም። ከገጠመ በኋላ ልብሱን አውልቃችሁ ግቡ፣ ገላችሁን አድርቃችሁ ደረቁን ልበሱ።

ሽፍታው ድኗል፣ ግን ጠቁሮ ቀረ። ይለቃል?

ብዙውን ጊዜ ይለቃል፣ ግን ወራት ይፈጃል። ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመነጫል፤ ቁጣው ቢያልፍም ቀለሙ ይቆያል። የእኔ ጎን ላይ ያለው መስመር ለመደብዘዝ ዓመት ገደማ ወሰደበት። ባከካችሁት ቁጥር ይጠቁራል። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ከሆነ ሸፍኑት ወይም የፀሐይ መከላከያ ቀቡ። ማንጫ ክሬም አትንኩ። ከከበዳችሁ የቆዳ ሐኪም አለ፤ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ቦታ ነው። ቦታው ከመጥቆር አልፎ ከቆዳው ከፍ እያለና እየጠነከረ ከሄደ ኬሎይድ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አሳዩት።

ሳላድር ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ቁስሉ ከተከፈተ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው። ትኩሳታችሁ 38 ዲግሪ ካለፈ። የጠቆረው ወይም የሞቀው ቦታ በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ። ቆዳው ጥቁር ሆኖ ከደረቀ፣ ውሃ የቋጠረው ከፈነዳ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባቱን ካመማችሁ።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ወይም ልብሱን እንደለበሳችሁ ፊትና ከንፈር ካበጠ አምቡላንስ ጥሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል 907 ነው። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ኤምሬትስ 998፣ ሳዑዲ 997።

ስደውል "ያሳክከኛል" ስላቸው "ቻይው" ይሉኛል። ምን ብዬ ልናገር?

"ያሳክከኛል" ብቻ አትበሉ። ቦታውን፣ ጊዜውንና የዳሰሳችሁትን ንገሩ። "በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድኔ ሥር፣ ጣት የሚያህል መስመር አለ። ካወለቅኩት አንድ ሰዓት ሆኖታል፣ አልጠፋም። ከግራው ይሞቃል፣ ደንደን ብሏል። ከትናንት ጀምሮ ነው። ፎቶ አለኝ፣ ልላክ?" እንዲህ ስትሉ ስልኩን ያነሳው ሰው የሚጠይቀው ቀጣዩ ነገር "መቼ ልትመጪ ትችያለሽ?" የሚል ይሆናል። ስትሄዱ ልብሱን ለብሳችሁ ሂዱ፤ የት እንደሚጠቀለል ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸው።